ዝግ ያለው ድምፄ

ጥር 6፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

አንገቴን አጸዳሁ። የምተነፍስበት ቀዳዳ ዙሪያ ዛሬም ቀልቷል። ትናንት ነፋስ ነበር፤ የአዳማን አቧራ ጨርቅ አይመልሰውም። ሳልኩ። ሳል ከተባለ። በአፍ ሳይሆን በአንገት የሚወጣ፣ ድምፅ የሌለው ነገር። ንጹሕ ጨርቅ አሰርኩ። ሻይ ጠጣሁ፤ ግማሹን ተውኩት።

ከሳሎን ድምፄ ይሰማል። ባለቤቴ ግርማ የተቀረጸውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቷል። እኔ እዚህ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼ ባንገቴ ያፏጫል፤ እዚያ ደግሞ ልጃችንን ሊዲያን እመርቃለሁ። ጌታ መንገድሽን ያቅና፣ ቤትሽን ይሙላው። ዝግ ብዬ። ከበድ ብዬ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም። ቃሉ የኔ ነው። ድምፁ ግን የኔ አይደለም።

ጥር 9፣ አርብ

ዛሬ ለግርማ ነገርኩት። መንገር ማለት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን በስልክ መጻፍ ነው። "ይህ ድምፅ የኔ አይደለም" ብዬ ላክሁለት። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው ሁሌም ይከፋዋል አለኝ። ይህን ለእኔ! ስንት ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ፤ ሰው የራሱን ድምፅ በአጥንቱም ጭምር እንደሚሰማ ለተማሪ ስነግር ኖርኩ። ግን እኮ ከመዘምራን ጋር ስንቴ ተቀርጫለሁ። ከውጭም አውቀዋለሁ ድምፄን። ቀጭን ነው። ይፈጥናል።

በሽታው ያኔ ገብቶበት ነበር፣ ለዚያ ነው የከበደው አለ። ፊቱን አዞረ። ሳሎን ተመልሶ ከመጀመሪያው ከፈተው።

የተቀረጽኩበት ቀን እንዲህ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ማንቁርቴ ሙሉ በሙሉ እንደሚወጣ ነግሮናል። ሊዲያ የቤ/ክ መቅረጫ ተውሳ መጣች። ሳሎን ካለው የሙዚቃ ኪቦርድ ፊት ተቀምጣ መነሻ ድምፅ ሰጠችኝ። አንድ መዝሙር ዘመርኩ። ከዚያ ለሠርግሽ ይሁን ብዬ መረቅኋት። በሳምንቱ አንገቴ ተቆረጠ። ሲቆይ ደግሞ ድምፄ ያለበት ሚሞሪ ሞተ፤ አልከፈት አለ። መናኸሪያው ጋ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኦላና ነው ከሞተው ሚሞሪ ውስጥ ፈልፍሎ ያወጣልን። ከዚያ ወዲህ ግርማ ጠዋት ጠዋት ይሰማዋል። እንደ ጸሎት።

ጥር 11፣ እሑድ

ጥምቀት። ከተማው በሆታ ተሞልቷል፤ መንገዱ ተዘግቷል። እኛ ቤ/ክ አልሄድንም። ግርማ ብቻዬን ሊተወኝ አልፈለገም፤ እኔ ደግሞ መዘምራኑ ሲነሡ እዚያ መቀመጥ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል የተሰጠኝን የመናገር ልምምድ ሞከርኩ። አየር ውጦ በጉሮሮ መመለስ፤ ከዚያ ፊደል ይሆናል ተብሏል። የወጣው ግሳት ነው። "ግርማ" ለማለት ሞከርኩ። ግሳት። ተውኩት። ከእንግዲህ አልሞክርም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ኦላና ጋ ብቻዬን ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ጨርቄን በእጄ ይዤ። መንገድ ላይ ከወለንጪቲ ቲማቲም የምታመጣዋ አዴ ጫልቱ አየችኝና "አካም ጂርታ!" ብላ ጮኸችብኝ። ድሮ በኦሮምኛ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር፤ እየሳቅን። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ደገመችልኝ፤ ይበልጥ ጮክ አድርጋ። የማይናገር ሰው የማይሰማም ይመስላቸዋል።

ኦላናም እንደዚያው። "ቲቸር! እንደምን ነሽ!" ሱቁ በሙሉ ዞረ። "እሰማለሁ" ብዬ ጻፍኩለት። አፈረ፤ ወንበር ሳበልኝ። ፋይሉን ስታወጣው ምን አደረግህ ብዬ ጠየቅሁት።

ከነገረኝ የገባኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የለም፤ ቁጥር ነው ያለው። መቅረጫው የአየሩን ግፊት በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካና እያንዳንዱን ልክ በቁጥር ይጽፋል። ለማጫወት ቁጥሮቹን በተለኩበት ፍጥነት መልሶ ማንበብ ነው። ፍጥነቱ ፋይሉ ራስ ላይ ይጻፋል። የኛ ፋይል ግን ከሞተው ሚሞሪ ሲወጣ ራሱ ተቆርጦ ቀርቷል። ቁጥር ብቻ፤ በስንት እንደሚነበብ የማይናገር።

"ታዲያ በስንት አነበብከው?" ብዬ ጻፍኩ።

"በአርባ አራት ሺህ አንድ መቶ። ዘፈን ሁሉ በሱ ነው። ስከፍተው የሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ፤ ጋሽ ግርማም ሰምተው አለቀሱ። በቃ አልኩ።"

ገምቶ ነው። በግምት ነው ድምፅ ያገኘሁት።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ። የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ቁጥሩን ቀየርኩ። አርባ ስምንት ሺህ አደረግሁት። ደስ አለኝ። ከፈትኩት። ያቺው ሴትዮ። ዘጠና ስድስት ሺህ። ያቺው። ምንም። ኮምፒውተሩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ማታ ላይ ገባኝ። የነካሁት የማሽኑን አፍ ነው እንጂ ፋይሉን አይደለም። ኮምፒውተሩ በየትኛውም ፍጥነት ቢያወጣ፣ ፋይሉ ስለ ራሱ የሚለውን አምኖ መሃል ላይ ያመቻቸዋል፤ ድምፁ እንዳይቀየር። ፋይሉ ከዋሸ ግን ኮምፒውተሩም ስፒከሩም ያንኑ ውሸት በታማኝነት ያስተላልፋሉ። አንዳቸውም አያጠፉም። ጥፋቱ የፋይሉ ራስ ላይ ነው፤ እውነተኛው ራስ ደግሞ የለም፤ ያለው የኦላና ግምት ነው።

ግን ግምቱ ስህተት መሆኑን በምን አሳያለሁ? እኔ ስላልኩ አያምኑኝም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ሊዲያ ከዱከም መጣች። እዚያ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ለሳምንቱ መጨረሻ ነው የምናገኛት። ስለ ሠርጉ ካርድ፣ ስለ ሚዜዎቿ ልብስ አወራች። ከስታለች። ወደ አዳራሹ ስትገባ ምርቃቴ በትልቁ ስፒከር እንዲሰማ ትፈልጋለች። ለሷ ሠርጉ ማለት እሱ ነው።

እያወራች ሳለ ኪቦርዱን አየሁት። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም!

ያን ቀን መነሻ የሰጠችኝ በዚሁ ኪቦርድ ነው። ሁሌም ጂ ከሚባለው ቁልፍ ነበር የምነሣው። የኪቦርድ ድምፅ አይታመምም፤ አይከብድም። እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ፋይሉን ከፈትኩ፤ መነሻዋ ድምፅ ተሰማ። ጂን ነካሁ። አይገጥምም፤ ፋይሉ ዝቅ ይላል። ወደ ታች ወረድኩ። ኤፍ ሻርፕ። አሁንም ፋይሉ ይወርዳል። ኤፍ። አሁን ደግሞ ይበልጣል። በሁለት ቁልፎች መሃል ወደቀ፤ ምንም ቁልፍ በሌለበት ቦታ።

ሊዲያ ኤፍን ራሷ ነካችው። ከዚያ፣ "እማ፣ ያኔ ኪቦርዱ ተነካክቶ ይሆናላ።" ተነካክቶ ቢሆን ድምፁ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ነው የሚሄደው፤ መሃል ላይ አይቆምም ብዬ ጻፍኩላት። የቤ/ክ መቅረጫ ለቪዲዮ ሰዎች የተገዛ ነው፤ የሚቀርጸው በአርባ ስምንት ሺህ ነው። በአርባ አራት ሲነበብ ከመቶ ስምንት ያህል ይዘገያል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። የወረደው ልክ እዚያ መሃል ላይ ነው።

ወረቀቱን ለግርማ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። 

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ኦላና አንድ ቁጥር ቀየረ። አንድ ቁጥር ብቻ። የሄድፎኑን ጆሮዎች አስተካከለልኝ።

እኔ ነኝ።

እኔ ነኝ ደብተሬ። ቀጭኗ፣ የምትፈጥነዋ፣ "ስ" ስትል የምታፏጨዋ። አለቀስኩ። ለቅሶዬ ድምፅ የለውም፤ ጨርቁ ብቻ ይረጥባል። ኦላና ወደ መፍቻዎቹ ዞረ፤ የሚፈታ ነገር ያለ አስመሰለ።

ሁለተኛ ሰማሁት። ደስታው ያኔ ሄደ። ይህችን ሴት አወቅኋት፤ ግን ፈርታለች። ትንፋሽዋን እየነጠቀች ነው የምትናገረው። ሳታለቅስ ለመጨረስ ትሮጣለች። "ቤትሽን ይሙላው" የሚለውን ልትወድቅ እንዳለች ሴት ነው ያለችው። በዘገየው ፋይል ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። እዚያ ዕርጋታ አለ። ፍርሃቴ ከመቶ ስምንት ሲዘገይ ዕርጋታ ሆኗል።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ለግርማ አሰማሁት። እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ።

"ትቻኮላለች" አለ።

ትቻኮላለች። ስለ እኔ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ።

ከዚያ፣ "እስቲ ያኛውን ክፈቺልኝ።"

ከፈትኩለት።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ከምርቃቱ በኋላ መቅረጫው ወዲያው አልጠፋም ነበር። ሊዲያ ልታጠፋው ስትነሣ ግርማ ወደ እኔ ጎንበስ ብሏል፤ በጆሮው የሆነ ነገር ነግሬዋለሁ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ አለ፤ ሹክሹክታ። በሁለቱም ፍጥነት አይለይም።

ዛሬ ግርማ ነገሩን አነሣው። ያን ቀን አልሰማሁሽም ነበር፤ እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ምን እንዳልሽ አላወቅሁም አለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው ለምርቃቱ ብቻ አልነበረም። መጨረሻዋን ሊሰማ ነው።

"ምን ነበር ያልሽኝ?"

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ። "አላስታውስም" ብዬ ጻፍኩ።

አላመነኝም። የምደብቀው መሰለው። ምነው የሚደበቅ ነገር በኖረኝ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሁለታችንም ኦላና ጋ ሄድን። ወደ ሃያ አራት ቢት ቢቀየር ሹክሹክታው ይጠራ ይሆናል አለ። የግርማ ፊት በራ። እኔ ቀድሞ ገብቶኛል፤ ዝም አልኩ። ሌላ ምን አለኝ።

ቢት የሚሉት ሌላኛው ቁጥር ነው። የመጀመሪያው በሴኮንድ ስንቴ እንደተለካ ይናገራል፤ ይኼኛው እያንዳንዱ ልክ በምን ያህል ደቃቅ ደረጃ እንደተጻፈ። አሥራ ስድስት ቢት ማለት ከጸጥታ እስከ ጩኸት ያለው ርቀት በስድሳ አምስት ሺህ ከምናምን ደረጃ ተከፍሏል ማለት ነው። ለሚዘምር ሰው ይተርፋል። ግን መቅረጫው በጣም ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ሹክሹክታዬ ከታች ካሉት ጥቂት ደረጃዎች ከፍ አላለም። በደረጃና በደረጃ መሃል የነበረው ሁሉ ወደ አንዱ ተጠጋግቶ ቀርቷል። ሲጎላ የሚጎላው እሱው ነው። እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል።

በክንድ የለኩትን ጨርቅ ኋላ በሚሊ ሜትር ብጽፈው ልኩ አይጠራም። እዚህም እንደዚያው ሆነ። ኦላና ቀየረው፤ ከየቁጥሩ ኋላ ዜሮ ተደረደረ። ዜሮ ብቻ። ግርማ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ በእጁ ተጭኖ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አውልቆ አስቀመጠው። ኦላናን አመሰገነው።

ፍጥነቱ የተሳሳተ ፋይል ይታረማል። ሲቀረጽ ያልተጻፈ ነገር ግን ከየት ይመጣል።

ጥር 28፣ ረቡዕ

አዲስ አበባ ለምርመራ። በሽታው ተመልሷል። አንገቴ ሥር፣ ሳንባዬም ላይ። ሐኪሙ ሲናገር የሚያየው ግርማን ነበር። ከእንግዲህ የሚቆረጥ ነገር የለም አለ። ሕመሙን እናስታግሳለን አለ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ዱከም ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። የሊዲያ ፋብሪካ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሠራተኞች ሲወጡ አየን። እሷን አላየናትም፤ አልደወልንላትም። እስከ ሠርጉ እንዳንነግራት ተስማማን። በሞጆ በኩል ፀሐይዋ መስኮቱን ሞላችው። ግርማ እጄን ይዞ ነበር። ላቡ ይሰማኛል።

ፋይሉ ከእኔ በኋላ ይቆያል። እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሊዲያ ሁለቱንም ልስማ አለች። የተስተካከለውን ቀድሜ ከፈትኩላት። ሰማች። ግንባሯ ተቋጠረ። ያኛውን ከፈትኩ። በመጀመሪያው ቃል እንባዋ ወረደ።

"እማ፣ እኔ የማውቅሽ ይህችኛዋን ነው።"

ኪቦርዱን በጣቴ አሳየኋት። "አውቃለሁ፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ገብቶኛል" አለች። "ያኛዋ ግን ትፈራለች። ያኛዋን እየሰማሁ በሰው ፊት መግባት አልችልም። ኦላና ካወጣልን ወዲህ፣ ለሕክምና በተመላለስሽ ጊዜ ሁሉ፣ በስልኬ የምሰማው ይህችን ነበር። አትፍሪ የምትለኝ የምትመስለኝ ይህች ነበረች።"

እኔ ሃያ ስንት ዓመት ያወራኋት በየትኛው ድምፅ ነበር? ጠዋት ለትምህርት ቤት ስቀሰቅሳት? ስቆጣት? በዚያ በቀጭኑ፣ በሚፈጥነው አልነበረም? በጥቂት ወር ተሰረዘ። በላዩ ላይ ተቀረጸበት።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ከግርማ ጋር ተጣላን። የእኛ ጥል፣ እሱ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ጽፌ እስክጨርስ ንዴቱ ይበርዳል፤ የኔ አይበርድም። ውሸት ነው የምትሰሙት ብዬ ጻፍኩ። ስሞት ሌላ ሴት ነው የምታስቀሩት ብዬ ጻፍኩ።

"ስሞት" የሚለውን አይቶ ተቀመጠ።

በቀስታ ነገረኝ። ያን ቀን አጠገብሽ ነበርኩ፤ መፍራትሽን አይቼ ነበር። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆኜ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነበር። ኋላ ኦላና ፋይሉን ሲሰጠኝ እንዲያ ረጋ ብለሽ ሰማሁሽ። ለካስ አልፈራችም፣ የፈራሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። "እባክሽ፣ እሱን አትውሰጂብኝ" አለኝ።

 ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

አመመኝ። መድኃኒቱ ያደነዝዘኛል። ነፋስ የለም፤ ሙቀት ብቻ።

ኦላና በአዳራሹ ድምፁን የሚያጫውተው እሱ ነው። የትኛውን ልያዝ ቲቸር ብሎ ጻፈልኝ። ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። አርባ ስምንት ሺህ ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። አጠፋሁት።

"የዘገየውን" ብዬ ላክሁ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ትናንት ተዳረች። ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች፤ መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ ያቺ ሴት ከአራቱም ማዕዘን ተናገረች። ልጄ፣ ጌታ መንገድሽን ያቅና። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር፤ ቃሉን በከንፈሬ እየተከተልኩ። ከንፈሬ ይቀድማል። ሁሌ ይቀድማል። ቃሉን ጨርሼ እጠብቃታለሁ።

ሊዲያ ቀና ብላ ገባች። አልተንቀጠቀጠችም።

አብራኝ የዘመረች ሴት፣ ከመዘምራን፣ ስንት ዓመት ጎን ለጎን የቆምን፣ መጥታ አቀፈችኝ። ድምፅሽን እንዴት ናፍቄው ነበር፣ ቁርጥ አንቺን አለችኝ። እሷም።

ዛሬ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሡ ላንጋኖ ወርደዋል። ሲመለሱ ግርማ ስለ ምርመራው ይነግራታል። እኔ በጽሑፍ እንዲህ ያለ ነገር ለልጄ አልነግርም።

ወስኛለሁ። ሁለት ድምፅ ከተውኩላቸው ከእኔ በኋላ ግርማ አንድ ቀን ሁለቱንም ይከፍታል። ያቺን የምትሮጠዋን ይሰማና ያ ኮሪደር ይመለስበታል፤ ያኔ "አይዞህ" ብሎ የሚጽፍለት አይኖርም። ነገ ኦላና ጋ እሄዳለሁ። አርባ ስምንት ሺህ የሆነውን ከሱም ጋ፣ ከኛም ጋ እንዲያጠፋው። ራሱ በተቆረጠው በዋናው ላይም ራስ ይቀጥልበት፤ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ብሎ ይጻፍበት፤ ሁለተኛ ማንም እንዳይጠይቅ።

ከዚያ በፊት አንዴ እሰማዋለሁ። ግርማ የአዳራሹን ዕቃ ሊመልስ ወጥቷል። ሄድፎኑ እዚህ ነው። ብቻዬን፣ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሹክሹክታዋ ድረስ።